የዘፈኑ ፕሮጀክት በማን እጅ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ የሙዚቃ ስቱዲዮ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት ውስጥ ነው፣ ሌላው ከሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ማይክ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስፖንጅ ካለ ሥራ ይጀመራል። በየታክሲው የምንሰማቸው ብዙ ዘፈኖች የተወለዱት እንዲህ ባሉ ክፍሎች ነው። በእነዚሁ ክፍሎች ደጋግሞ የሚሰማ አንድ መርዶ አለ፦ «ፕሮጀክቱ አልከፍት አለኝ።» ፕሮጀክት የሚባለው ዘፈኑ የሚቀናበርበት የኮምፒውተር ፋይል ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳል። ፋይሉ እንደገና ይሞከራል፣ ያው ነው። ኮምፒውተር የሚገባው ጓደኛ ይደወልለታል። ዳታ የሚያወጣ ሰው ይጠያየቃል። ድምፃዊው «የት ደረሰ?» ሲል ደግሞ «ትንሽ ነው የቀረችው» ይባላል። አንዳንዴ ሥራው ይገኛል። ሳይገኝ ሲቀር ከዜሮ ይጀመራል፣ ወይም ዘፈኑ እዚያው ይቀራል።

ብዙዎቻችን ይህን የዕድል ጉዳይ አድርገን ነው የምንቆጥረው። መብራቱን እንረግማለን፣ ኮምፒውተሩን እንረግማለን። መብራት መሄዱ አይቀርም፣ ዲስክም አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። ሥራው አብሮ እንዲጠፋ የሚያደርገው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ዘፈን ላይ ገጣሚ አለ፣ የዜማ ደራሲ አለ፣ አቀናባሪ አለ፣ ሚክስ የሚያደርግ አለ፣ ከፋይ አለ። ሁለተኛውን ቅጂ መያዝ የማን ሥራ እንደሆነ ግን አንዳቸውም አልተነጋገሩም። ስለዚህ ማንም አይይዘውም።

ሴቭ ስንል ምን ይሆናል?

ሴቭ የሚለውን ስንጫን ሥራው በዚያው ቅጽበት ዲስኩ ላይ የሰፈረ ይመስለናል። ኮምፒውተሩ ግን ለፍጥነት ሲል መረጃውን መጀመሪያ ራም ላይ፣ መብራት ሲሄድ በሚጠፋው ጊዜያዊ ማከማቻ ላይ፣ ያቆየዋል። ከዚያ ነው በየተራ ወደ ዲስኩ የሚያሰፍረው። ፕሮግራሙ «ሴቭ ሆኗል» ባለበትና መረጃው ዲስኩ ላይ በእርግጥ ባረፈበት ጊዜ መካከል ክፍተት አለ። ጥቂት ሰከንድ ብትሆን ነው። መብራት የሚሄደው በዚያች ክፍተት ከሆነ ግን ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ ፋይል ይቀራል። ወይም ባዶ ፋይል።

ዊንዶውስ ላይ ይህ አደጋ የሚታወቅበት ምልክት አለ። የፋይሉ ስም ቦታው ላይ ነው። መጠኑም አልተቀየረም፣ 3 ሜጋባይት ከነበረ አሁንም 3 ሜጋባይት ይላል። ውስጡ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዜሮ ብቻ ነው። ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው የዊንዶውስ የፋይል አያያዝ የፋይሉን ስም፣ መጠንና ቦታ የሚነካ ለውጥ ሲኖር አስቀድሞ ማስታወሻ ይይዛል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማስታወሻውን አይቶ መዝገቡን ያስተካክላል። የፋይሉን ይዘት ግን በዚህ መንገድ አይጠብቅም። ስሙ ተርፎ ውስጡ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ፍላሽና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነገሩ ይብሳል። ብዙዎቹ ፋት32 ወይም ኤክስፋት በሚባል አያያዝ ነው ፎርማት የሚደረጉት። እነዚህ ያንን ማስታወሻ እንኳ አይይዙም። ቦታ ቆጥበን ፕሮጀክቱን በቀጥታ ከኤክስተርናል ዲስክ ላይ ስንሠራ፣ አንድ ሰው ገመዱን በእግሩ ከነካው የአንድ ዘፈን ፋይል ብቻ ላይሆን ይችላል የሚጠፋው። የዲስኩ ማውጫ ራሱ ሊናጋና ሙሉ ዲስኩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እዚህ ላይ እሺ ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ስለ መብራት አንድ ነገር ልጨምር። ላፕቶፕ የራሱን ዩፒኤስ ይዞ የተሠራ ዕቃ ነው፣ ባትሪው። እኛ ጋ ያለው ላፕቶፕ ግን አብዛኛው ያገለገለ ነው፣ ባትሪው ሞቷል፣ ቻርጀሩ ከተነቀለ ያኔውኑ ይጠፋል። ባለቤቱም ለምዶታል። ፕለጊን (ተጨማሪ የድምፅ ፕሮግራም) ለመጨመር፣ ራም ለማሳደግ ብር ይገኛል፣ ባትሪ ለመቀየር ግን «ቆይ» ይባላል። እኔ ግን ከሁሉም በፊት ባትሪውን እላለሁ። ዴስክቶፕ ያለው ሰው ደግሞ ስታቢላይዘር አለኝ ብሎ አይዘናጋ። ስታቢላይዘር የመብራቱን ከፍና ዝቅ ነው የሚያስተካክለው። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ይዞ የሚቆየው ዩፒኤስ ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ ብቻ ቢይዝም ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ይበቃል።

ፍላሽ ላይ ሁለት ሌላ ጣጣ አለ። አንደኛው ከኢንተርኔት ካፌው ዘመን ጀምሮ የምናውቀው የሾርትከት ቫይረስ ነው። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ የሉም፣ በምትካቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ተደርድረዋል። ስንቱ በድንጋጤ ፎርማት አድርጎታል! ፋይሎቹ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ናቸው፣ ቫይረሱ የደበቃቸው ብቻ ናቸው። የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ቢደረግ ይወጣሉ። ሾርትከቶቹን አለመጫን፣ ፋይሎቹን ወደ ንጹሕ ቦታ መገልበጥ፣ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ።

ሁለተኛው የውሸት ፍላሽ ነው። ላዩ ላይ 1 ቴራባይት ተብሎ ተጽፏል፣ ኮምፒውተሩም 1 ቴራባይት ይላል፣ ውስጡ ያለው ቺፕ ግን 32 ጊጋባይት ሊሆን ይችላል። እስከ 32 ድረስ በትክክል ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚገለበጠው ሁሉ የተጻፈ ይመስላል፣ ግን የትም አያርፍም፣ ወይም የቀድሞውን ይደመስሳል። እስኪከፈት ድረስ ማንም አያውቅም። አዲስ የተገዛን ፍላሽ ጥግ ድረስ ሞልቶ መልሶ የሚያነብና የሚያመሳክር ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሰዓታት ይፈጃል፣ ግን አንዴ ነው።

የተበላሸ ዕለት

ፋይሉ አልከፍት ካለ የመጀመሪያው ነገር እጅን መሰብሰብ ነው። ዲስኩ ላይ አዲስ ነገር አይጻፍ፣ ፕሮግራም አይጫን፣ ፎርማት አይደረግ። የጠፋው ነገር ብዙ ጊዜ በአካል እዚያው አለ። የሚያጠፋው በላዩ ላይ የሚጻፈው ነው። ሃርድ ዲስኩ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ቶሎ ይነቀል። ያ ድምፅ የማንበቢያው ራስ መስመሩን ፈልጎ ሲያጣ የሚያሰማው ነው። ደጋግሞ መሰካት ያለውንም ይፍቃል። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ከሆነ ደግሞ የተሰረዘ ፋይል የማግኘት ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ኤስኤስዲ የተሰረዘውን ቦታ ለሚቀጥለው ጽሑፍ እንዲያመቸው ራሱ አስቀድሞ ያጸዳዋል።

ቀጥሎ የሚታየው የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራሙ ራሱ ያስቀመጠው ቅጂ ነው። ብዙ ሰው እንዳለው እንኳ አያውቅም። ኤፍኤል ስቱዲዮ በየጊዜው የሚያስቀምጠው ባክአፕ የሚባል ፎልደር አለው፣ ከፋይል ሜኑው ወደ መጨረሻው ባክአፕ መመለስም ይቻላል። ኩቤዝ ከፕሮጀክቱ ጎን ባክ በሚል መጨረሻ የሚያስቀምጣቸው ፋይሎች አሉት። ኤብልተን ላይቭ ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ የቅርብ ጊዜዎቹን 10 ቅጂዎች ያቆያል። ፕሮ ቱልስም የራሱ የሴሽን ባክአፕ ፎልደር አለው። ሪፐር ደግሞ ፕሮጀክቱን የሚጽፈው በተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ከፍቶ ማየት ይቻላል። ከእነዚህ አንዱ የአንድ ሰዓት ሥራ ቢያሳጣ እንጂ ሙሉ ዘፈን አያሳጣም።

አሁን ብዙዎች ሳያውቁት ተስፋ የሚቆርጡበት ጉዳይ ላይ ልቆይ። ድምፃዊው እየዘፈነ፣ ሪከርዱ እየሄደ መብራት ጠፋ እንበል። ተመልሶ ሲታይ ፎልደሩ ውስጥ አንድ የዌቭ ፋይል አለ። መጠኑ 40 ሜጋባይት ይላል። ሲጫወት ግን ርዝመቱ ዜሮ ሰከንድ ነው፣ ወይም «የማይታወቅ ፋይል» ይባላል። ያ ቴክ (አንዴ የተዘፈነው ቅጂ) አልሞተም። የዌቭ ፋይል መጀመሪያው ላይ አጭር መግለጫ አለው። በውስጡ የሚከተለው ድምፅ ስንት ቢት እንደሆነ፣ በሰከንድ ስንት ናሙና እንዳለው፣ ምን ያህል እንደሚረዝም ተጽፏል። ርዝመቱ በትክክል የሚሞላው ሪከርዱ ሲቆም ነው። መብራት ሲሄድ ያ ቦታ ሳይሞላ ይቀራል። አጫዋቹ መግለጫውን አንብቦ «ምንም የለም» ይላል። ድምፁ ግን ከሥሩ ተጽፎ ቁጭ ብሏል።

ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ፋይል መግለጫውን ትቶ ጥሬውን እንዲያነብ ማዘዝ ይቻላል። ኢምፖርት ውስጥ ሮው ዳታ የሚለው ነው። የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፦ ስንት ቢት፣ ሞኖ ነው ስቴሪዮ፣ 44,100 ነው 48,000። ስቱዲዮው የሚሠራበትን ቅንብር ማወቅ ይበቃል። በተሳሳተ ቢት ከተከፈተ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይወጣል። በተሳሳተ ፍጥነት ከተከፈተ ድምፁ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ያኔ ቁጥሩን ቀይሮ እንደገና መሞከር ነው። መጀመሪያ ላይ አንዲት ትንሽ «ቸክ» ትሰማለች፣ ያ መግለጫው እንደ ድምፅ ተነብቦ ነው፣ ይቆረጣል። የቀረው ቴኩ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ባለመኖሩ ስንት ጥሩ ቴክ ተሰርዞ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ፋይሉ ተሰርዞ ከሆነ ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ስሙ ፎቶ ይበል እንጂ ዌቭም ያወጣል። ችግሩ ስሞቹን አይመልስም። ስም የሌላቸው በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎች ይሰጥና እያዳመጡ መለየት ይመጣል። ያወጣውን የሚያስቀምጥበት ዲስክ ደግሞ ሌላ መሆን አለበት።

ፕሮጀክቱ ውስጥ ዘፈኑ የለም

ባክአፕ አደርጋለሁ የሚሉ ሰዎች ራሳቸው የሚሳሳቱበት ቦታ ይህ ነው። የኤፍኤል ስቱዲዮውን ፋይል ወይም የኩቤዙን ፋይል ወደ ፍላሽ ይገለብጡና ተረጋግተው ይተኛሉ። ያ ፋይል ግን እንደ ሠርግ ጥሪ ዝርዝር ነው። የእንግዶቹ ስምና አድራሻ አለበት፣ እንግዶቹ ግን ውስጡ የሉም። የድምፃዊው ቮካል፣ የማሲንቆው ሪከርድ፣ የከበሮው ሳምፕል (ተዘጋጅቶ የመጣ አጭር ድምፅ) ሌላ ፎልደር ውስጥ ናቸው። አንዱ ዳውንሎድ ውስጥ፣ አንዱ ዴስክቶፕ ላይ፣ አንዱ ከወር በፊት ተነቅሎ ለባለቤቱ የተመለሰ ፍላሽ ላይ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ ፕሮጀክቱ ሲከፈት «ይህ ፋይል የለም፣ ያም የለም» የሚል ዝርዝር ይመጣል።

ፕሮግራሞቹ መፍትሔውን ይዘውት ነው የሚመጡት። ኤፍኤል ስቱዲዮ ፕሮጀክቱን ከነሳምፕሎቹ አንድ ዚፕ አድርጎ ያወጣል። ኤብልተን «ኮሌክት ኦል ኤንድ ሴቭ» የሚል ትእዛዝ አለው። ኩቤዝ ፋይል ሜኑው ላይ «ባክአፕ ፕሮጀክት» አለው። ፕሮ ቱልስ «ሴቭ ኮፒ ኢን» ይላል። ሁሉም የሚያደርጉት ያው ነው፦ የተበታተነውን አንድ ፎልደር ውስጥ ይሰበስባሉ። ባክአፕ ተብሎ መገልበጥ ያለበት ይህ የተሰበሰበው ነው።

እሱም ብቻውን ዕድሜ የለውም። ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ፕለጊን ላይኖር ይችላል። ክራክ የተደረገ ፕለጊን ከሆነ ደግሞ አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን ብዙ ጊዜ አይሠራም። ፕሮጀክቱ ይከፈታል፣ የክራሩን መስመር ሲጫወት የነበረው መሣሪያ ግን ዝም ይላል። ስለዚህ ዘፈኑ ሲያልቅ እያንዳንዱ ትራክ (የአንድ ድምፅ ወይም መሣሪያ መስመር) ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ለየብቻው ዌቭ ሆኖ መውጣት አለበት። የግራሚ ሽልማትን የሚሰጠው የአሜሪካው ሪከርዲንግ አካዳሚ የፕሮዲውሰሮችና የኢንጂነሮች ክንፍም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ሁሉም ከአንድ ነጥብ ስለሚጀምሩ የትም ፕሮግራም ውስጥ ቢደረደሩ ይገጥማሉ። ቴምፖውንና ቃናውን በፋይሉ ስም ላይ መጻፍ ደግሞ ለወደፊቱ ሰው ትልቅ ውለታ ነው። የፋይል ስም በላቲን ፊደል ቢሆን ይሻላል። አማርኛ ስም ያለው ፋይል አንዳንድ ፕሮግራም ውስጥ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

«ይህ ሁሉ ስንት ጊጋ ሊፈጅ ነው?» ይባላል። እናስላው። ባለ 24 ቢት፣ ባለ 48 ኪሎኸርዝ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ነው። የ5 ደቂቃ ዘፈን 40 ትራክ ቢኖረው 1.7 ጊጋባይት አካባቢ ይሆናል። 12 ዘፈን ያለው አልበም ከ21 ጊጋባይት ብዙም አይበልጥም። አንድ ትክክለኛ የ32 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ሙሉ አልበሙ ከነትራኮቹ ይገባል። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ትልልቅ ሃርድ ዲስክ መግዛት ለብዙ ስቱዲዮ ከባድ ሆኗል፣ እውነት ነው። የአንድ አልበም ቅጂ ግን ትልቅ ዲስክ አይጠይቅም።

የሚታወቀው ደንብ ሦስት ሁለት አንድ ይባላል። ያስተዋወቀው ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁን፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። እኛ ጋ ሦስተኛው ነጥብ ነው ዋናው። ሌባ ሲገባ ኮምፒውተሩንም አጠገቡ ያለውን ሃርድ ዲስክም አብሮ ነው የሚወስደው።

ከቤት ውጭ ሲባል ሰው ክላውድ ይላል። ጉግል ድራይቭ በነፃ 15 ጊጋባይት ይሰጣል። ለፕሮጀክት ፋይልና ለቮካሎች ይበቃል። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ የጉግል አካውንት ከነዕቃው ሊሰረዝ ይችላል። ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክም የተለመደ ነው። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል፣ የአንድ ዘፈን ዚፕ ይገባበታል። ብዙ አቀናባሪዎችን ያዳነው እሱ እንደሆነ አምናለሁ። ሆኖም ሲም ካርዱ ከጠፋ ወይም አካውንቱ ለወራት ካልተከፈተ እሱም ይሄዳል። እንደ ሦስተኛ ቅጂ ጥሩ ነው፣ እንደ ብቸኛ ቅጂ አይደለም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፎልደር ከክላውድ ጋር የሚያመሳስል ፕሮግራም የጫነ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። ማመሳሰል ባክአፕ አይደለም። እዚህ የተበላሸው ፋይል እዚያም ተበላሽቶ ይገባል፣ እዚህ የተሰረዘው እዚያም ይሰረዛል። ጉግል ድራይቭ የተሰረዘን ነገር ቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ 30 ቀን ያቆያል፣ ከዚያ ያልፋል።

ማን ይያዘው?

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) እንደ አምሃ እሸቴ ያሉ ሰዎች ሸክላ ሲያሳትሙ እያንዳንዱ ዘፈን ብዙ ቅጂ ነበረው። በየቤቱ፣ በየቡና ቤቱ ተቀምጧል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ የተባለውን ተከታታይ አልበም ማውጣት ሲጀምር ያ ሙዚቃ ጨርሶ አልጠፋም ነበር። ዛሬም የወጣ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ አለ፣ በየስልኩ አለ። የሚጠፋው ያልወጣው ነው። ሁለት ዓመት የተለፋበት፣ ድምፃዊው ገንዘብ ሲያገኝ ሊጨርሰው ያሰበው አልበም። እሱ ያለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ከወጡትም ዘፈኖች የቀረልን የተቀላቀለው ስቴሪዮ እንጂ ትራኮቹ አይደሉም። አሁን በኤአይ ድምፅን ከሙዚቃ መለየት ይቻላል፣ ለሥራም ይረዳል። የተለየው ቮካል ግን የከበሮውን ጥላ ይዞ ነው የሚወጣው። ኦሪጅናሉን አይተካም።

ኃላፊነቱን ትልቅ ድርጅት ላይ መጣልም አያዋጣም። ማይስፔስ የተባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ሰርቨር ሲቀይር እስከ 2015 ድረስ የተጫኑ ዘፈኖች እንደጠፉበት በ2019 (እ.ኤ.አ.) አምኗል። ከ50 ሚሊዮን በላይ ዘፈን እንደሆነ ነው የተዘገበው። ከዚያ ውስጥ ወደ 490 ሺህ የሚሆነው ተገኘ። የተገኘው ተመራማሪዎች ለጥናታቸው ገልብጠውት ስለነበር ነው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ሆሊውድ ውስጥ የዩኒቨርሳል ግቢ ሲቃጠል የሙዚቃ ኩባንያው የማስተር ቴፕ መጋዘን አብሮ ነደደ። ኒው ዮርክ ታይምስ ከዓመታት በኋላ በ2019 ያወጣው የኩባንያው የውስጥ ሰነድ ጉዳቱን ወደ 500 ሺህ የዘፈን ርዕሶች ገምቶት ነበር። ኩባንያው ተጋኗል ብሎ ተከራክሯል። ያም ሆነ ይህ ብዙዎቹ ሙዚቀኞች ሥራቸው እዚያ እንደነበረ ያወቁት ከጋዜጣ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ ልማዱ ይህን ይመስላል። ድምፃዊው ይከፍላል፣ ማስተር የተደረገውን (ያለቀለትን) አንድ ፋይል በቴሌግራም ይቀበላል፣ ይሄዳል። ፕሮጀክቱ አቀናባሪው ጋ ይቀራል። አቀናባሪው ዲስኩ ሲሞላ የቆየውን ያጠፋል፣ ምክንያቱም ቦታውን የሚከፍልለት የለም። ማንም ክፉ አልሠራም። ሁለቱም ግን ሌላው የያዘው ይመስላቸዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩ 50 ዓመት የሚቆይ ጥበቃ ይሰጣል። መብቱ 50 ዓመት ይኖራል፣ ሥራው ያለበት ዲስክ ግን ያን ያህል አይኖርም። ፋይሉን ማን ያስቀምጥ የሚለው እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

እኔ የምለው የመጨረሻው ክፍያ ሲከፈል ድምፃዊው አንድ ፍላሽ ይቀበል ነው። የፍላሹ ዋጋ ከመጀመሪያው ሒሳቡ ውስጥ ይግባ። በውስጡ የተሰበሰበው ፕሮጀክት፣ ለየብቻ የወጡት ትራኮች፣ ያልተነካው ጥሬ ቮካል፣ ግጥሙ፣ እና ማን ምን እንደሠራ የሚናገር አንዲት ገጽ ጽሑፍ ይኑር። አንዳንድ አቀናባሪዎች ፕሮጀክት መስጠት አይወዱም። የራሳቸውን ሳውንድና የሠሩበትን መላ ሌላ ሰው እንዳይወስደው ይሰጋሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። እንደዚያ ከሆነ ፕሮጀክቱ ይቅር፣ ትራኮቹና ጥሬ ቮካሉ ግን ይሰጡ። ድምፃዊውም ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ አይርሳው። ፍላሽ ለረጅም ዘመን ማስቀመጫ የተሠራ ዕቃ አይደለም። በየዓመቱ እየተከፈተ ይታይ፣ ወደ ሌላም ይገልበጥ።

በርቀት የሚሠሩት በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ድምፃዊ ቮካሉን እዚያ ቀድቶ ቅንብሩን አዲስ አበባ ሲያሠራ ሥራው በተፈጥሮው ሁለት አገር ላይ ነው። ግን የላከውን ፋይል እዚያ ካላጠፋው ብቻ። ብዙዎች በሊንክ ልከው «ደርሶታል» ብለው ያጠፉታል። ሊንኩ ደግሞ በጥቂት ቀናት ያልፍበታል።

ፍላሹን ከመረከብ በፊት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ መክፈት ያስፈልጋል። ፒክሳር የተባለው የአኒሜሽን ስቱዲዮ በ1998 (እ.ኤ.አ.) እየሠራው የነበረው ፊልም በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ አብዛኛው ተሰርዞበት ነበር። ባክአፕ ነበራቸው። ሲከፍቱት ግን ለሳምንታት በትክክል ሲሠራ አልነበረም፣ ማንም ሞክሮት አያውቅም። ያዳናቸው አንዲት የወለደች ባልደረባ ከቤት ሆና ለመሥራት ኮምፒውተሯ ላይ የያዘችው ቅጂ ነው። ያን ያህል ሀብት ያለው ድርጅት ይህ ከደረሰበት፣ እኛም ፍላሹን ሳንከፍት «አለ» ባንል ይሻላል። ሙከራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ትራኮቹን ባዶ ፕሮጀክት ላይ መደርደር፣ ከመጀመሪያው ማጫወት፣ መሃል ላይ ዘሎ መስማት፣ መጨረሻውን መስማት። ሁሉም ከገጠመ ተረካቢው ይፈርም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መገልበጥ ለማይችል ሰው ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። ድራሙ ይደገማል፣ ቤዙ ይደገማል፣ ቅንብሩም በላብ ይመለሳል። የማይመለሰው ሰው አፉን ከፍቶ የዘፈነው፣ እጁ የመታው ነው። ከጎንደር መጥተው አንድ ቀን ማሲንቆ መትተው የሄዱ አዛውንት አዝማሪ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተቀዳ በገና፣ ድምፃዊው ኀዘን ላይ ሳለ የዘፈነው ቴክ። ፕሮጀክቶቹን ከፍቶ እነዚህ ያሉበትን ፎልደር መፈለግና በቅድሚያ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። የቀረው በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል።